በቀመሪያ ስም የተላከ ማመልከቻ

ደብዳቤው የመጣው ማክሰኞ ቀን ነው፤ ግንቦት ገብቶ ድሬዳዋ እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ በነደደችበት፣ የሆስፒታሉ ዘበኛ እንኳ ወንበሩን ከበሩ አንስቶ ኒም ዛፍ ሥር በተጠለለበት ሰሞን። ቀመሪያ ተማም ከሴቶች ዎርድ የቆሸሸ አንሶላ ታቅፋ ወደ ልብስ ማጠቢያው ስትሻገር ዘበኛው ጠርቶ ፖስታውን ሰጣት። የአዲስ አበባ ማኅተም አለበት። ቀመሪያ አዲስ አበባ የሚጽፍላት ሰው የላትም። አንሶላውን መሬት ማስነካት ክልክል ስለሆነ በግራ ክንዷ እንዳቀፈችው ፖስታውን በጥርሷ ቀደደችው።

«ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ገብተው የሐኪምነት ትምህርት ለመከታተል ባቀረቡት ማመልከቻ መሠረት፣ ሰኔ 7 ቀን 1957 ዓ.ም. ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ለቃል ፈተና እንዲቀርቡ ተጠርተዋል» ይላል። ከታች ደግሞ፣ «የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤትዎ ግልባጭ ደርሶናል፤ ሲመጡ ዋናውን ይዘው ይገኙ።»

ቀመሪያ ለማንም ማመልከቻ ጽፋ አታውቅም።

ሐኪም የመሆን ነገር ያልነበረ ሆኖ አይደለም። ትምህርት ቤት ሳለች አንድ ቀን ለአባቷ ነግራው ነበር። አባቷ ተማም ከሼመንደፈር የባቡር ወርክሾፕ ብረት ሲሞርድ ውሎ ገና መምጣቱ ነበርና፣ እግሩን እየታጠበ፣ «አዲስ አበባ ሩቅ ነው» አለ። በዚያው አለቀ። ነርስ ትምህርት ቤት እዚሁ ከተማ ውስጥ አለ፤ የሚጠይቀውም የአሥረኛ ክፍል ወረቀት ብቻ ነው፤ ገባች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ የመጣው ከገባች ከወር በኋላ ነው። ጥሩ ነበር፤ እጅግ ጥሩ። አባቷ አየውና በጨርቅ ጠቅልሎ የቤቱ ሰንዱቅ ውስጥ ቆለፈበት። ከዚያ ወዲህ ያን ወረቀት ያነሳ ሰው የለም። አሁን ሁለት ዓመት አልፎ፣ ቆብ ደፍታ ለመመረቅ ስምንት ወር ቀርቷታል። የመጋላ ሰፈሩ ጨርቅ ነጋዴ የሐጂ ዓብዱልአዚዝ ልጅ ኢስሃቅም አጭቷታል፤ ሰርጉ ከምርቃቱ በኋላ ሊሆን ነው።

እና ማን ጻፈው?

ቀመሪያን ተጠራጣሪ ናት ይሏታል፤ ሐሜትም አይደለም። ጓደኞቿ «መርፌውን ቀቅለነዋል» ሲሏት የውሃውን ግለት በጣቷ ትሞክራለች። ብልቃጥ ላይ የተለጠፈውን አንብባ አትበቃም፤ ቡሹን ከፍታ ታሸታለች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትላለች ሲቀልዱባት። ስለዚህ ደብዳቤውን አጥፋ ኪሷ ስትከት ደስታ የሚባል ነገር አልተሰማትም። የተሰማት አንድ ሰው ከኋላዋ ቆሞ እያያት ያለ ያህል ነው።

መጀመሪያ ያሰበችው ይርገዱን ነው።

ይርገዱ ከአሰበ ተፈሪ የመጣች የክፍሏ ልጅ ናት፤ አልጋቸው ጎን ለጎን ነው። በትምህርት ቀመሪያ አንደኛ፣ ይርገዱ ሁለተኛ ይወጣሉ። ሲመረቁ አንደኛ የወጣችው እዚሁ ድሬ ትቀራለች፤ ሌሎቹን ወደ ኦጋዴንና ወደ ባሌ ጤና ጣቢያ ይበትኗቸዋል። ይርገዱ ደግሞ ድሬን ትወዳለች። ቀመሪያ ይህን ሁሉ ስትደምር ቆይታ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኝታ ቤቱ ባዶ ሲሆን ደብዳቤውን ይርገዱ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

ይርገዱ አንብባ ብድግ አለች። «አንቺ! ሐኪም ልትሆኚ ነው?»

«ጽፈሽው እንደሆነ ንገሪኝ።»

«ምኑን?»

«ማመልከቻውን። እኔ አልጻፍኩም። እኔ ብሄድ ደግሞ የሚጠቀመው ማን እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን።»

ይርገዱ መጀመሪያ ሳቀች። የቀመሪያን ፊት ስታይ ግን ሳቋ ደረቀ። «ስምሽን አስመስዬ የመጻፍ ችሎታ ካለኝ ለራሴ አልጽፍም ነበር? ሁለተኛ የምወጣው አንቺ ስላለሽ ብቻ ነው ብለሽ ታስቢያለሽ? አንቺ ባትኖሪም የመድኃኒት ትምህርት አይገባኝም!» ደብዳቤውን መልሳ አልጋው ላይ ወረወረችላትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ሁለት ቀን «መቀሱን አቀብይኝ» ከማለት በቀር አላናገረቻትም።

ቀመሪያ አላመነቻትም፤ ዋሽታለችም አላለችም። በይደር አቆየቻት።

በማግስቱ የነርሶቹ ኃላፊ ሲስተር አለምብርሃን አስጠሯት። ሲስተር አለምብርሃን ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቆባቸው ላይ አንዲት ሽብሽብ የማይገኝ ሴት ናቸው፤ ኮሪደሩ ላይ የጫማቸው ድምፅ ሲሰማ ከበሽተኛው በቀር ተኝቶ የሚገኝ የለም። ላለፈው አንድ ወር ቀመሪያን አስተያየታቸው ተለውጦ ነበር፤ ስትሠራ ከኋላዋ ይቆማሉ፣ ስትዞር ዓይናቸውን ይመልሳሉ።

«በሩን ዝጊው» አሉ። «ደብዳቤው ደረሰሽ?»

ቀመሪያ ከይርገዱ በቀር ለማንም አላሳየችም። «እንዴት አወቁ፣ ሲስተር?»

«እዚህ ግቢ እኔ ሳላየው የሚያልፍ ፖስታ የለም። ተደብቀሽ መጻፍሽን ግን አልወደድኩልሽም።»

«እኔ አልጻፍኩም።»

«ማን ጻፈልሽ ታዲያ? ቅዱስ ሚካኤል?»

ቀመሪያ ያልሠራችውን አልሠራሁም ብላ የምታስረዳበት ማስረጃ የላትም።

«ስሚኝ» አሉ ሲስተር። «ለፈተናው ወደ አዲስ አበባ የምትሄጂ ከሆነ ትምህርት ቤቱን ለቀሽ ነው የምትሄጂው። ፈቃድ አልሰጥም። ፈተናውን ወድቀሽ፣ ነርስም ሐኪምም ሳትሆኚ ብትመለሺ ወንበርሽ አይጠብቅሽም። እስከሚመጣው ሳምንት ዓርብ አስቢና ንገሪኝ።»

ቀመሪያ ቆማ ስታያቸው አንድ ነገር ትዝ አላት። ከፋሲካ በፊት አንዲት ከሰል ሻጭ ከሽንሌ በኩል ታማ መጥታ ነበር፤ ትኩሳቷ እንደ ረመጥ። ሲስተር አለምብርሃን አይተው «ወባ ነው» አሉ፤ ካርዷም ላይ ወባ ተብሎ ተጻፈ። ማታውን ቀመሪያ ውሃ ልታጠጣት ራሷን ቀና ስታደርግ የሴትየዋ አንገት አልታጠፍ አለ፤ እንደ እንጨት ነው። ዶክተሩ ሲዞር፣ ሲስተር ባሉበት፣ «አንገቷን ይዩልኝ» አለች። ማጅራት ገትር ሆኖ ተገኘ። ሴትየዋ ዳነች። ሲስተር ግን ኮሪደሩ ላይ፣ ተማሪ ሁሉ እየሰማ፣ «አንቺ ደግሞ ሐኪም ነሽ እንዴ?» አሏት።

አሁን ያ ቃል ሌላ ትርጉም ያዘ። ማመልከቻውን የጻፉት እሳቸው ይሆኑ? ሐኪም ነሽ እንዴ? እንግዲያው ሂጂ፣ ከፊቴ ጥፊ ነው እንዴ ነገሩ? ስምንት ወር ሲቀራት ከወንበሯ ነቅለው፣ ፈተናውንም ወድቃ፣ ሜዳ ላይ እንድትቀር?

«ሲስተር፣ ፋይሌን ማየት እችላለሁ?» አለች።

ተማሪ እንዲህ ጠይቆ አያውቅም። ሲስተር መሳቢያቸውን ስበው ፋይሏን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። ቀመሪያ ገለጠችው። የልደት ወረቀት፣ የጤና ምርመራ፣ የአሥረኛ ክፍል ውጤት። የአሥራ ሁለተኛው የለም። ትዝ አላት፤ እዚህ ሰጥታው አታውቅም። ደብዳቤው ግን ግልባጩ ደርሶናል ይላል።

«በቃሽ?» አሉ ሲስተር።

«በቃኝ።»

ወረቀቱ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቤት። ስለዚህ ጥርጣሬዋን አንስታ ከሆስፒታሉ ወደ ቤቷ ይዛው ገባች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ በእግሯ ተሻገረች፤ ድልድዩን መዞር አላሰኛትም። ቤት ስትደርስ አባቷ ሽርጡን አገልድሞ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብሎ ሬዲዮ ይሰማል። እናቷ ሃሊሞ ሩዝ ትለቅማለች። እናቷ የሶማሌ ልጅ ስለሆነች ቀመሪያ የምትጠራት «ሆዮ» ብላ ነው። ሰላምታው ሳያልቅ ደብዳቤውን ለአባቷ ዘረጋችለት።

ተማም ቀስ ብሎ አነበበ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«አንተ ጻፍከው?»

«እኔ?» ሬዲዮውን ዘጋው። «አቦ ተይ! እኔ ለሚስቴ ዘመዶች ደብዳቤ የማስጽፍ ሰው፣ ለመንግሥት ልጻፍ?»

«ውጤቴ የነበረው ሰንዱቁ ውስጥ ነው። ቁልፉ ያለው ደግሞ አንተ ጋ ነው።»

ተማም ወደ ሚስቱ ዞረ። ቁልፉ በእርግጥ የሚውለው ሃሊሞ አንገት ላይ ነው። ሃሊሞ ከሩዙ ቀና ሳትል፣ «ምን ታዩኛላችሁ? ኢስሃቅ ወስዶት መለሰው እኮ» አለች።

«ኢስሃቅ?»

«አረፋ ሊደርስ ሲል መጣ። ማዘጋጃ ቤት ለኒካህ ወረቀት ይፈልጉታል አለኝ። እኔ ማንበብ አላውቅ፤ ሰጠሁት። በሁለተኛው ቀን ሐልዋ ይዞ መጥቶ መለሰልኝ። ጨዋ ልጅ!»

የተማም ፊት በራ። «ሱብሃነላህ! አይገባሽም? ልጁ ሐኪም እንድትሆኚለት ፈልጎ ነው! እኔ አባትሽ ያላደረግኩትን እሱ አደረገ።» እናቷም እልል ልትል እጇን ወደ አፏ አነሳች።

ቀመሪያም ለግማሽ ሰዓት ያህል አመነች። ጣፋጭ ግማሽ ሰዓት ነበር። ኢስሃቅ ለስላሳ፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነው። አንድ ጊዜ፣ በሽምግልናው ሰሞን፣ ሐኪም መሆን ትፈልግ እንደነበር ነግራዋለች። ሰምቶ ሆዱ ውስጥ አስቀምጦት ይሆን? እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል? ግን ሻይዋን ሳትጨርስ አንድ ጥያቄ ብቅ አለ። መልካም ነገር የሚሠራ ሰው እናቷን ለምን ይዋሻል?

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ መጋላ ወረደች። ድሬ በዚያ ሰዓት ትተኛለች፤ ያልተኛው በርጫ ላይ ነው። ሐጂ ዓብዱልአዚዝም ቤታቸው ጫታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። የሱቁ በር ገርበብ ብሏል፤ ኢስሃቅ ውስጥ ብቻውን የጨርቅ ጣቃ እየጠቀለለ ነበር። ሲያያት ደንገጥ ብሎ ወንበር ሳበላት። አልተቀመጠችም።

ሐኪም ሆድ ሲዳብስ ከማያመው ቦታ ነው የሚጀምረው። ቀመሪያም እንዲሁ ጀመረች።

«የኒካሁ ወረቀት አለቀ?»

«የቱ?»

«የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴን የወሰድክለት።»

ኢስሃቅ አፉን ሸፍኖ ሳቀ። «ደረሰሽ ማለት ነዋ! ላስደንቅሽ ብዬ ነው። ትፈልጊው አልነበር?»

«ፊርማዬንስ?»

«ፈረምኩልሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ደግ ነህ። ትምህርቱ ስንት ዓመት ይፈጃል?»

«ስድስት፤ ከተለማማጅነቱ ጋር ሰባት። ከዚያ ደግሞ መንግሥት የመደበሽ አገር ሄደሽ...» አለና አቆመ። በጣም ፈጥኖ ነበር የመለሰው፤ ቀደም ብሎ የቆጠረው ሰው አመላለስ።

«ሰባት ዓመት ትጠብቀኛለህ?»

ጣቃውን መጠቅለሉን ቀጠለ። «ሰው ይጠብቃል። ስንቷ ጅዳ የሄደ ባሏን ትጠብቅ የለ?»

«ስለ አንተ ነው የጠየቅኩህ። እየኝ እስቲ።»

አላያትም። የቀመሪያ እጅ የሚያመው ቦታ ላይ ደረሰ።

«ኢስሃቅ፣ የምትፈልገው ሐኪም እንድሆን ነው ወይስ እንድሄድ?»

«ሁለቱ አንድ አይደለም?»

«አይደለም።»

ጣቃው ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ተዘረጋ፤ ሰማያዊ ፖፕሊን እስከ በሩ ድረስ ሄደ። ሊያነሳው ጎንበስ አለና በዚያው ተቀመጠ። «አባቴን ታውቂያቸዋለሽ» አለ። «ለአባትሽ ቃል ሰጥተዋል። እኔ ልጅቷን አልፈልግም ብላቸው ከቤት ያስወጡኛል። አንቺ ለትምህርት ብለሽ ብትሄጂ ግን ማንም አይወቀስም። ያንቺም ስም አይጠፋም። ክፉ አላሰብኩም፣ ወላሂ።»

«ሌላ አለች?»

«የለችም።»

«ውሸትህን ነው።»

«ይኸው!» ኢስሃቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «ይኸው ነው ነገሩ። ስታይኝ በሽታዬን የምትፈልጊ ነው የሚመስለኝ። የት ነበርክ፣ ከማን ጋር፣ ለምን ዘገየህ። አንድ ቀን ሻይ ብሰጥሽ አሸተትሽው። ዕድሜ ልኬን እንዴት ስመረመር እኖራለሁ?»

ቀመሪያ ጆሮዋ ጋለ። ሌላ ሴት ቢኖርበት ይሻላት ነበር። ያልጠበቀችው ቃል ከአፏ ወጣ። «አልሄድም። አገባሃለሁ። ሰርጉም ምርቃት አይጠብቅም፤ ሐምሌ ላይ ይሁን እላለሁ።» ፖፕሊኑን ረግጣ ወጣች።

እልህ እንዲህ ነው፤ ሌላውን እጎዳለሁ ብሎ የራሱን ቤት ያቃጥላል። በማግስቱ ቤት ሄዳ ሰርጉ እንዲፋጠን እንደምትፈልግ ለእናቷ ነገረች። ሃሊሞ ምክንያቱን አልጠየቀችም፤ ሐሙስ ዕለት ሩዙንና ቅመሙን ልታይ ቀፊራ ገበያ ወረደች። ቀመሪያ ዎርድ ውስጥ አልጋ እያነጠፈች ኢስሃቅ ይህን ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን እያሰበች ትደሰት ነበር። ደስታው ግን ሆድ አይሞላም።

ዓርብ ጠዋት ሲስተር አለምብርሃን ፊት ቆመች። «እቀራለሁ» አለች።

ሲስተር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ያለ መነጽር ያረጁ ይመስላሉ። «እንግዲያው ተቀመጪ። አብረን የምንሠራ ከሆነ ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው» አሉና ከመሳቢያቸው አንድ የካርቦን ግልባጭ አወጡ። «ከአዲስ አበባ ስለ ጠባይሽ ጠይቀውኝ ነበር፤ ከወር በፊት። ይህን መለስኩላቸው።»

ቀመሪያ አነበበች። «ተማሪዋ ብርቱ ናት። ነገር ግን ተጠራጣሪ ናት። የበላይዋ የነገረቻትን እንኳ ራሷ ሳታረጋግጥ አትቀበልም። ታዛዥነት ለሚጠይቅ ሥራ አትመችም።»

«ይህን አንብበው አይጠሩሽም ብዬ ነበር» አሉ ሲስተር። «ጠሩሽ።»

«ለምን ጻፉት? ስለጠሉኝ?»

«ማን ጠላሽ?» ተቆጡ። «ከጥር በኋላ የሴቶችን ዎርድ ላንቺ ልሰጥ ነበር። ያቺን ከሰል ሻጭ እኔ ገድያት ነበር፤ አንቺ አዳንሻት። እንዲህ ያለች ልጅ ከእጄ ስትወጣ ዝም ብዬ ልይ? ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ቀመሪያ ወረቀቱን ይዛ ቀረች። አሥር ቀን ሙሉ ስትመረምር ነበር የከረመችው፤ የደረሰችበት ግን ተገልብጦ ነው የተገኘው። ልታባርረኝ ነው ያለቻት ሴት ልታስቀራት ስሟን አጠፋች። ወደደኝ ያለችው ሰው ሊገላገላት በሩን ከፈተላት። ይርገዱ ደግሞ ምንም አላደረገች። ከሁሉም በላይ የገረማት ግን ይህ አይደለም። አሥር ቀን ሙሉ ማን ጻፈው ብላ ሰውን ሁሉ ስትጠይቅ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ራሷን ትፈልጊዋለሽ ወይ ብላ አልጠየቀችም።

«ሲስተር፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጊዜ ይስጡኝ።»

«አሁን እቀራለሁ አላልሽም?»

«ለሌላ ሰው ብዬ ነው ያልኩት።»

አንሶላ ማስቀመጫ ክፍሉ ውስጥ ገብታ የታጠበውን ማጣጠፍ ጀመረች። ነርስነትን ትወደዋለች፤ ይህን እርግጠኛ ናት። ሰው ሲያቃስት ትራሱን ማገላበጥ፣ የደረቀ ከንፈር ማርጠብ ታውቅበታለች። ግን ያቺ ከሰል ሻጭ ዳግመኛ ትዝ አለቻት። አንገቷ አልታጠፍ ያለ ጊዜ ቀመሪያ የተሰማት ነገር ርኅራኄ አልነበረም። ደስታ ነበር። የተደበቀውን ነገር በእጇ ያገኘችው ደስታ። ሴትየዋ እየቃተተች እሷ ደስ ብሏት ነበር፤ አፍራበት እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም። በማግስቱ ዶክተሩ መርፌውን ከጀርባዋ አስገብቶ ፈሳሹን ሲያወጣ ደግሞ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ፣ ለምን እንደሚደረግ ልትጠይቅ ፈልጋ፣ ትሪውን ይዛ ዝም ብላ ቆማለች። ያን ሳትጠይቅ መቅረቷ እስከ ዛሬ ይቆጫታል።

ሰዓቱ ሳይደርስ ተመለሰች። «እሄዳለሁ፣ ሲስተር።»

«ብትወድቂ...»

«አውቃለሁ። ወንበሬ አይጠብቀኝም።»

ሲስተር ፋይሉን አወጡና «ለቃለች» ብለው ጻፉበት።

ለኢስሃቅ ደግሞ በዚያው ቀን ማስታወሻ ላከችለት። «እሄዳለሁ። ግን አልሸፍንህም። እሑድ መጥተህ ለአባቴ በራስህ አፍ ንገረው፤ ካልመጣህ እኔ ለሐጂ እነግራቸዋለሁ።»

መጣ። ንጹሕ ጀለቢያ ለብሶ፣ ከንፈሩ ደርቆ። ተማም ፊት ተንበርክኮ ሁሉንም ተናገረ፤ ውሸቱን፣ ፊርማውን፣ ፍርሃቱን። ሃሊሞ በተቀመጠችበት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፤ በደስታ ስለተቀበለችው ሐልዋ ሳይሆን አይቀርም።

ተማም እስከ መጨረሻው ሰማው። «ልጄን መፍራትህን አልነቅፍም» አለ። «እኔም እፈራታለሁ። ግን ቤቴ ገብተህ ማንበብ የማታውቀውን ሚስቴን አታለልክ። ለዚህ ሐጂን እኔ አናግራቸዋለሁ። ሂድ።»

ኢስሃቅ ከወጣ በኋላ አባቷ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺስ? ለእልህ ነው የምትሄጂው?»

«አይደለም፣ አባ። ስለምፈልግ ነው።»

«ያኔም ትፈልጊ ነበር።» የሻከረውን መዳፉን እያየ ተናገረ። «አዲስ አበባ ሩቅ ነው አልኩሽ። ባቡሩን እኔ ጠግኜ እየላክሁት፣ እንዴት ሩቅ ይሆናል? የፈራሁት ሌላ ነው። ተምረሽ ስትመለሺ የማናግርሽ ቋንቋ አጣለሁ ብዬ ነው።»

ቀመሪያ ሬዲዮውን ከፈተችለትና አጠገቡ ተቀመጠች።

ከመሄዷ በፊት ይርገዱን ይቅርታ ጠየቀቻት። ይርገዱ አለቀሰች፣ ተሳደበች፣ በመጨረሻ የመድኃኒት ትምህርት ደብተሯን ቀማቻት። በሰኔ መጀመሪያ ሳምንት ተማም በሠራተኛነቱ በነጻ ባገኘው ትኬት ከድሬ ለገሃር ባቡር አሳፈራት።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። መካከለኛው ሰውዬ ስለ ልብና ስለ ደም ዝውውር ጠይቋት ሲያበቃ አንድ ወረቀት አነሳ። «ተጠራጣሪ ናት ይላል እዚህ። እውነት ነው?»

«ምን ማስረጃ አቀረቡ?» አለች ቀመሪያ።

ሦስቱም ሳቁ። ለምን እንደሳቁ አልገባትም። ወደ ድሬ ተመልሳ ወር ሙሉ፣ ሲስቁብኝ ነው ብላ ስትብሰለሰል ከረመች፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ላለማለፍ ስትል በከዚራ ሰፈር ዞራ ትሄድ ነበር። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ቴሌግራሙ መጣ። አልፋለች። ቴሌግራፍ ቤት ድረስ ሄዳ ከመዝገቡ ጋር አስተያይታ ነው ያመነችው።

በሁለተኛው ዓመት ከይርገዱ ደብዳቤ ደረሳት። ድሬ ቀርታለች፤ የሴቶች ዎርድ የእሷ ሆኗል። ኢስሃቅ አግብቷል፤ ከጅግጅጋ ነው ያመጣት፤ መቼ እንደተዋወቁ ግን የሚያውቅ የለም። ሲስተር አለምብርሃን ደግሞ በየሳምንቱ ሰኞ፣ «ያቺ ልጅ ከትምህርቷ አልተባረረችም?» እያሉ ይጠይቃሉ።

ናፍቀዋት ነው ወይስ እንድትወድቅ ፈልገው? ቀመሪያ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ትንሽ አሰበችበት። የእራት ደወል እስኪደወል የእጅ አንጓ አጥንቶችን ስም መጨረስ ነበረባትና ደብዳቤውን ትራሷ ሥር ከታ መጽሐፏን ገለጠች።